ጄላቲኑ ቢቀልጥስ?

— አንቺ ልጅ፣ አሁንም ጄላቲን እየወጋሽ ነው? እኔ እኮ ይህ ምርመራ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የቀረ መስሎኝ ነበር።

— ከሆስፒታል ቀርቶ ይሆናል እንጂ እኔ ዘንድ አልቀረም፣ ጋሼ። መደርደሪያው ሙሉ ነው።

— ከሆስፒታል የቀረውማ በምክንያት ነው። አንድ ሕፃን ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶበት ተኝቷል እንበል። ሐኪሙ የደም ካልቸሩን ውጤት የሚጠብቀው በሰዓት እየቆጠረ ነው። አንቺ ደግሞ ባክቴሪያውን በመርፌ ቱቦ ውስጥ ትወጊና አንድ ሳምንት ጠብቁኝ ትያለሽ። ቀርፋፋ ለሆኑት እስከ ሁለት ሳምንት መቆየትም አለ። ለማን ነው የምትደርሺው?

— ለሕፃኑ አልደርስም፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ለታመመ ሰው የሚቸኩል መልስ ከሌላ ቦታ ይፈለግ። ግን ስለ ባክቴሪያ የሚጠየቀው ሁሉ አልጋ ዳር የሚጠየቅ አይደለም።

— ታዲያ ምን ብለሽ ጠይቀሽው ነው ሳምንት ሙሉ መልስ የምትጠብቂው?

— ምን ማድረግ ትችላለህ ብዬ። ጄላቲን ፕሮቲን ነው፤ የቆዳ፣ የአጥንትና የጅማት ኮላጅን ተቀቅሎ የሚገኝ። የበሬ እግር ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ መረቁ ሲበርድ የሚረጋው በእሱ ነው። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ባክቴሪያ እንዳለ ሊያስገባው አይችልም። ሊመገበው ከፈለገ ኢንዛይሙን ወደ ውጪ መልቀቅ አለበት። ኢንዛይሙ ጄላቲኑን መጀመሪያ ወደ አጫጭር የፔፕታይድ ሰንሰለቶች፣ ከዚያም ወደ አሚኖ አሲዶች ይቆራርጠዋል፤ ወደ ሴሉ የሚገቡት እነዚህ ቁርጥራጮች ናቸው። አንዴ የተቆራረጠ ጄላቲን ደግሞ ቢያቀዘቅዙትም መልሶ አይረጋም። እኔ የማነበው ይህን ነው።

— ማንበቡ ላይ ነው ችግሩ። ስንት ተማሪ ቱቦውን ከኢንኩቤተር አውጥቶ ፈሳሽ ሆኖ ስላገኘው ብቻ «ፖዘቲቭ» ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ! ጄላቲን 28 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በራሱ ይቀልጣል። በ35 ዲግሪ ያደረ ቱቦ ባክቴሪያ ኖረበትም አልኖረበትም ፈሳሽ ነው።

— ባክቴሪያ ያልገባበት ኮንትሮል ቱቦ ጎን ለጎን የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ፍሪጅ ወይም በረዶ ውስጥ ይገባሉ፣ ኮንትሮሉ እስኪረጋ ይጠበቃል። እሱ ረግቶ ያኛው ሲያጋድሉት ከፈሰሰ፣ ያቀለጠው ሙቀት ሳይሆን ኢንዛይም ነው። ሳይበርድ ግን መነቅነቅ የለበትም። ብዙውን ጊዜ ኢንዛይሙ የሚበዛው አየር በሚያገኘው የላይኛው ክፍል ነው፤ በሙቅነቱ ከነቀነቁት የላዩ ከታቹ ይቀላቀልና ደካማው ምልክት ይጠፋል።

— እስኪ ስንት ቦታ ሊበላሽ እንደሚችል ቁጠሪ። ደግሞ አገሩን አስቢው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱቦሽ ጠረጴዛ ላይ ረግቶ ይውላል። ያንኑ ቱቦ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ብትወስጂው ባክቴሪያ ሳይነካው ይፈሳል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ምን ልታነቢ ነው?

— ምንም። ኮንትሮሉ ካልረጋ የዚያን ቀን ውጤት የለም ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ድክመት አላየውም፣ ጋሼ። ሁኔታው እንዳልተሟላ ራሱ ይነግረኛል። ሁኔታው ሳይሟላ ቁጥር አትሞ የሚሰጥ መሣሪያ አይበልጥብኝም።

— የያዝሽው እኮ ኮኽ ራሱ የተገላገለውን ነገር ነው! እ.ኤ.አ. በ1881 ሮበርት ኮኽ ለንደን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ ባክቴሪያን በጄላቲን ላይ ለይቶ እንደሚያሳድግ አሳየ። ትልቅ ነገር ነበር። ግን በሰውነት ሙቀት ላሳድግ ሲል ይቀልጥበታል፤ በዚያ ላይ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው እየበሉ ያፈሱበታል። ኮኽ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራ የነበረው የዋልተር ሄሴ ባለቤት ፋኒ ሄሴ ከወጥ ቤቷ የምታውቀውን አጋር አቀረበች፤ እሱ አንዴ ከረጋ 85 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይቀልጥም፣ የሚበላውም ባክቴሪያ ጥቂት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ የምንሠራው በአጋር ነው።

— የፋኒ ሄሴን ስም በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባቀረበው ጽሑፍ አጋርን ሲጠቅስ የእሷን ስም አልጻፈም። ግን ታሪኩን መሐል ላይ ቆረጡት። ሚዲያውን ያበላሸበት የባክቴሪያው ሥራ ያው ባክቴሪያን ከባክቴሪያ መለያ ሆነ። የኮሌራው ባክቴሪያ መርፌው በወረደበት መስመር ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ጉድጓድ እየሠራ ጄላቲኑን ያፈሳል። የአባ ሰንጋው ከመስመሩ ወደ ጎን ቅርንጫፍ እያወጣ የተገለበጠ ጥድ ቅርጽ ይሠራል፤ የላይኞቹ ቅርንጫፎች ረዣዥም፣ የታችኞቹ አጫጭር። ከዚያ ቀስ ብሎ ከላይ መቅለጥ ይጀምራል። የዚያ ዘመን ሰዎች በዚህ ነበር የሚለዩአቸው። ኮኽ ሚዲያውን ቢተወውም ምርመራው ቀጠለ።

— ያኔ ሌላ ምን ነበራቸው? የአባ ሰንጋ ጥድ ያምራል፤ አልክድም። ግን ዛሬ በሬ ሞቶ፣ ሥጋውን የበሉ ሰዎች ቁስል ወጥቶባቸው፣ ናሙናው መጥቶልሽ፣ ጥዱ እስኪበቅል ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪዋለሽ? ያንን ባክቴሪያ ያለ በቂ መከላከያ ማሳደጉ ራሱ አደጋ ነው።

— በፍጹም አላስቀምጠውም። ግን ሴራሺያን ከኢንተሮባክተር እንዴት ይለዩ ነበር? ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ፣ ሁለቱም ሲትሬት ላይ ያድጋሉ። ጄላቲኑን ቶሎ የሚያፈሰው ሴራሺያ ነው። መለየቱ ደግሞ ለሕመምተኛው ይጠቅመዋል፤ ሴራሺያ ማርሴሰንስ ኮሊስቲንን በተፈጥሮው ይቋቋማል።

— ኮሊስቲን የመጨረሻ መድኃኒታችን ስለሆነ መለየቱማ ግዴታ ነው። እኔ ግን የምለየው በዲኤንኤዝ አጋር ነው። ዛሬ እዘራለሁ፣ ነገ ጠዋት አሲድ አፈስበታለሁ፣ በኮሎኒው ዙሪያ ከጠራ ሴራሺያ እላለሁ። ሳምንት የሚፈጀውን ጥያቄ በአንድ ሌሊት የሚመልስ ነገር ካለ የአንቺ ቱቦ ምን ቀረለት?

— ለእዚያ ጥያቄ ብዙም አልቀረለትም። ቢሆንም ጄላቲን ሁልጊዜ ሳምንት አይፈጅም። ተጋልጦ ያልታጠበ የኤክስሬይ ፊልም ቁራጭ ባክቴሪያው በወፍራሙ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይገባል። የፊልሙ ሽፋን ጄላቲን ስለሆነ ኢንዛይሙ ካለ ሽፋኑ ይላጥና ሰማያዊው ፕላስቲክ ብቻ ይቀራል፤ በአንድ ወይም ሁለት ቀን ያልቃል። አጋር ላይ ጄላቲን ጨምሮ ኮሎኒ ማሳደግም አለ።

— ፊልሙን ከየት ታመጪዋለሽ? የራጅ ክፍሎች ወደ ዲጂታል እየገቡ ነው። ሳህኑ ላይ የሚፈሰውን ደግሞ እኔ አስታውሳለሁ፤ የፍሬዚየር ዘዴ ነው፣ የሜርኩሪ ክሎራይድ። ተማሪ እጅ ላይ ሜርኩሪ አልሰጥም።

— እኔም አልሰጥም። በምትኩ በአሞንየም ሰልፌት የጠገበ ውሃ እጠቀማለሁ። ያልተቆረጠውን ጄላቲን ነጭ አድርጎ ያረጋዋል፤ በኮሎኒው ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ከቀረ እዚያ ተቆርጧል ማለት ነው። ደግሞ ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ሳያስቡት ጄላቲን ስንት ዘመን አንብበዋል! ኤፒአይ 20ኢ ላይ ካሉት ሃያ ጥቃቅን ምርመራዎች አንዱ ከሰል የተቀላቀለበት ጄላቲን አይደል? ኢንዛይሙ ሲያፈርሰው ጥቁሩ ይበተናል፤ በማግስቱ ይነበባል።

— አንብቤያለሁ። ግን ብቻውን አምኜው አላውቅም። ከሃያዎቹ ጋር ተደምሮ ቁጥር ይሆናል፣ ቁጥሩ ስም ይሰጠኛል። አሁን ደግሞ ለዚያም ቢሆን ማልዲ-ቶፍ አለ። ኮሎኒውን ትቀቢዋለሽ፣ ሌዘሩ ይመታዋል፣ የፕሮቲኖቹ ክብደት ተለክቶ በደቂቃዎች ውስጥ ስሙ ይወጣል። ማሽኑ ውድ ነው፣ እኛ ዘንድም አልተዳረሰም። ግን መንገዱ ወደዚያ ነው።

— ይምጣ፤ እኔም እሠራበታለሁ። ማሽኑ የሚነግረኝ ግን ማን እንደሆነ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው የተለያየ ባክቴሪያ ብዙ ነው። ኢንተሮኮከስ ፊካሊስን ይውሰዱ። ከሁለት ሕመምተኞች ይወጣል፤ ስሙ አንድ፣ ማሽኑም አይሳሳትም። አንዱ ጄላቲን ያፈሳል፣ ሌላው አይነካውም።

— ያን ለማወቅ ጂኑን በፒሲአር ትፈልጊያለሽ። ጄላቲን የሚቆርጠውን ኢንዛይም፣ ጄላቲኔዝን፣ የሚሠራው ጂን ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ግማሽ ቀን ይበቃል።

— አይበቃም! ይህን ጉዳይ የምወደው እዚህ ላይ ነው። ጂኑ በሙሉ ጤንነት ተቀምጦ ኢንዛይሙ የማይወጣባቸው ፊካሊሶች ብዙ ናቸው። ጂኑን የሚያዝዘው ኤፍኤስአር የሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። ባክቴሪያዎቹ ትንሽ መልእክተኛ ፔፕታይድ ወደ ውጪ ይለቃሉ፤ ቁጥራቸው ሲበዛ መልእክቱ ይከማቻል፤ ያኔ ጂኑ ሥራ ይጀምራል። ብዙዎቹ ላይ ይህ አዛዥ ክፍል ወደ 24 ሺህ ከሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላት ጋር አብሮ ተቆርጦ ወጥቷል። ፒሲአሩ «አለ» ይላል፣ ቱቦው «የለም» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ባክቴሪያው ምን ይሠራል ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚመልሰው ቱቦው ነው።

— ጥሩ። በራስሽ ምሳሌ ልያዝሽ። ጂኑ የሚሠራው ቁጥራቸው ሲበዛ ነው አልሽኝ። ቱቦሽ ውስጥ በሦስተኛው ቀን በሚሊ ሊትር መቶ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ናቸው። በሕመምተኛው ደም ውስጥ ደግሞ አንዳንዴ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ቱቦሽ የሚያሳየው በቱቦው ውስጥ የሚሆነውን ነው። በሰውነት ውስጥ ይሆናል ብለሽ የምትይው በምን መብት ነው?

— ደም ላይ እውነትዎን ነው። ግን ፊካሊስ ሁልጊዜ ደም ላይ አይንሳፈፍም። የልብ ቫልቭ ላይ ወይም ካቴተር ላይ ተጣብቆ ይከማቻል፤ እዚያ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጄላቲኔዝ ደግሞ ለዚያ ክምችት፣ ለባዮፊልሙ፣ እንደሚያግዝ በላብራቶሪ ታይቷል።

— በላብራቶሪ! እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ፊካሊስ ደማቸው ውስጥ የተገኘባቸውን ሕመምተኞች ተከታትለው ጄላቲኔዝ ያለው ባክቴሪያ የያዛቸው በ14 ቀን ውስጥ ይበልጥ ይሞታሉ ወይ ብለው አዩ። ግንኙነት አላገኙም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፣ ልጄ። ወጣቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ፤ ከወተት፣ ከአይብ፣ ከቧንቧ ውሃ ባክቴሪያ አውጥተዋል፣ ጄላቲን ላይ ወግተዋል፣ ቀልጧል። ከዚያ «በሽታ የማምጣት ኃይል ያለው» ብለው ይጽፋሉ። ባሲለስ ሰብቲሊስ እኮ ጄላቲን አፍሳሽ ነው፤ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ማንንም የማይነካ! ሳልሞኔላ ደግሞ በአብዛኛው አያፈስም፤ ስንቱን ሰው በታይፎይድ ያስተኛል? ቀለጠ ማለት አደገኛ፣ አልቀለጠም ማለት ደህና የሚባል ነገር የለም።

— በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ያ አረፍተ ነገር ከጽሑፎቹ ቢወጣ ደስ ይለኛል። የሞት ጥናቱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የለካው። በ14 ቀን የሚሞት ሰው ከስንት በሽታ ጋር የተኛ ነው! ኢንዛይሙ ቫልቩን ጎድቶ ይሁን፣ ካቴተሩ ላይ እንዲቆይ ረድቶት ይሁን፣ ያ ቁጥር አይነግርዎትም።

— ያ ቁጥር ካልነገረኝ ቱቦውም አይነግረኝም። ከሁሉ የሚከፋውን ደግሞ ገና አላነሳሁትም። ሰው ሰውነት ውስጥ ጄላቲን የለም። ኮላጅን ነው ያለው። ኮላጅን ሦስት ሰንሰለት አንዱ በሌላው ላይ ተጠምዝዞ የተገመደ ነው፤ አብዛኛው ኢንዛይም መግቢያ አያገኝለትም። ሲቀቀል ጥምዙ ይፈታል፣ ያን ጊዜ ጄላቲን ይባላል፣ ማንም ይቆርጠዋል። ጥሬውን ኮላጅን የሚቆርጠው እንደ ክሎስትሪዲየም ሂስቶሊቲከም ያለ እውነተኛ ኮላጅኔዝ ያለው ነው። አንቺ ግን ጥምዙ የተፈታውን ሰጥተሽ ቆረጠልኝ ትያለሽ።

— ትልቁ ክርክርዎ ይህ ነው፤ ክብደቱ ይሰማኛል። ስለዚህ የምሠራበትን ልንገርዎ። እኔ ከሆስፒታል ናሙና አልወስድም፤ ከቆዳ ነው የምወስደው። ቆዳ ፋብሪካዎች ፀጉር የሚያነሱት በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ሰልፋይዱ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚገድል ጋዝ ይሆናል፤ ፍሳሹ ደግሞ ወንዝ ይገባል። ሞጆ ዳር የሚኖር ሰው ሽታውን ያውቀዋል። በእሱ ምትክ ፀጉሩን ከሥሩ የሚያላቅቅ የባክቴሪያ ኢንዛይም ብናገኝ ኬሚካሉ ይቀንሳል። ግን ፀጉሩን የሚያላቅቀው ኢንዛይም ኮላጅኑን መንካት የለበትም፤ ከነካ ቆዳው ይበላሻል። እኔ የምፈልገው ሌላ ፕሮቲን የሚቆርጥ፣ ጄላቲን የማያፈስ ባክቴሪያ ነው። የእኔ ደስታ «ኔጋቲቭ» ሲሆን ነው።

— አሁን ነገሩ ተገለጠ። በዚህስ ጄላቲን ያስኬድሻል፤ ጥምዙ የተፈታውን እንኳ ያልቆረጠ ጥሬውን አይቆርጥም።

— አዩ? ድክመት ያሉት ነገር እዚህ ጥንካሬ ሆነ። ቱቦው ከቆዳው ይልቅ ገር ነው፤ በገሩ ያለፈ በጠንካራው ያልፋል።

— ቆይ፣ አትቸኩዪ። ከቱቦው ያለፈውን ታምኚዋለሽ፤ ልክ ነው። የወደቀውስ? ጄላቲን የሚያፈስ ሁሉ ኮላጅን ይነካል ማለት አይደለም፤ አሁን ነው የነገርኩሽ። ፀጉር በደንብ የሚያነሳ፣ የተቀቀለውን ጄላቲን የሚቆርጥ፣ ጥሬውን ቆዳ ግን የማይነካ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ጎበዙ እሱ ሊሆን ይችላል። አንቺ ቱቦው ቀለጠ ብለሽ ወደ ጎን ትገፊዋለሽ። ወንፊትሽ ፍሬውን ከገለባው ጋር ቢጥለውስ? ለምን ከቆዳው አትጀምሪም?

— ከቆዳው መጀመር አይቻልም። ጥሬ ቆዳ የራሱ ባክቴሪያ ሞልቶበታል፤ የእኔ ይሁን የእሱ ማን እንደሠራው አላውቅም። ባክቴሪያውን ለመግደል ኦቶክሌቭ ውስጥ በ121 ዲግሪ ካስገባሁት ደግሞ ኮላጅኑ ይቀቀላል። ተቀቅሎ ምን እንደሚሆን እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።

— ጄላቲን ይሆናል። ይገባኛል። ግን ሕያው ባክቴሪያ ለምን ታስገቢያለሽ? ያደገበትን ፈሳሽ በጥሩ ፊልተር አጥሪው፣ ኢንዛይሙ አብሮ ያልፋል፣ ባክቴሪያው ይቀራል። የቆዳውን ባክቴሪያ እንዳያድግ የሚያደርግ ሶዲየም አዛይድ ጨምሪና ጥሬ ቆዳ ላይ አድርጊው። ጥያቄሽን በቀጥታ ጠየቅሽ ማለት ነው፤ በሁለት ቀን።

— ለአንድ ባክቴሪያ በሁለት ቀን። ለእያንዳንዱ ማሳደጊያ፣ ማጣሪያ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የቆዳ ቁራጭ ያስፈልጋል። ፊልተሩ ከውጪ የሚመጣ ነው፤ ሲያልቅ ወራት እንጠብቃለን። በጨው ከቆየ ቆዳ ላይ የሚወጣው ባክቴሪያ ደግሞ ስንት ዓይነት ነው! ጨው ወዳዶቹን ለመፈተሽ ሚዲያው ውስጥ ጨው መጨመር ይኖርብኛል። አንድ የጄላቲን ሳህን ላይ ስምንቱን ጎን ለጎን እዘራለሁ። ቀድሞ የሚለይ ነገር ያስፈልገኛል፣ ጋሼ።

— ቀድሞ የሚለይ ነገር ስንት እንደሚያሳጣሽ ሳታውቂ ታምኚዋለሽ?

— አላምነውም። ያፈሰሱትን አልጥላቸውም፤ ፍሪዘር ውስጥ አሉ። ከእነሱ መካከል ጥቂቶቹን ዕጣ አውጥቼ፣ እርስዎ እንዳሉት ፈሳሻቸውን አጣርቼ ቆዳ ላይ አደርጋለሁ። ጄላቲን አፍስሶ ቆዳ ያልነካ ስንት እንደሆነ ያኔ እናያለን።

— ያን ስታደርጊ ጥሪኝ፤ መጥቼ ቆዳውን አብሬሽ አየዋለሁ። አንድ እንኳ ከተገኘ ግን ቱቦው ከመጀመሪያው ረድፍ ይውጣ።

— በአንድማ አላወጣውም። ብዙ ከሆኑ ይወጣል፤ እኔ ራሴ አወጣዋለሁ።

— ብዙ ስትዪ ስንት ማለትሽ ነው? ውጤቱን ሳታዪ፣ አሁኑኑ ተናገሪ። ካየሽ በኋላ ሁሉም ቁጥር ጥቂት ይመስላል።

— ከአምስቱ አንዱ። ከአምስት አፍሳሾች አንዱ ቆዳውን ሳይነካ ካለፈ፣ ሥራውን ከቆዳው እጀምራለሁ።

— ለእኔ ከአሥሩ አንዱ ይበቃል።

— ይጻፉልኝ፤ የእኔንም ከጎኑ እጽፋለሁ።